እምቢ ባይ መካሪ

የአድዋ ድል በሚከበርበት በየካቲት 23 ቀን የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም በየአደባባዩ ሲነሣ እንሰማለን። ተናጋሪው ስለ መቀሌ ውሃ አንድ ቃል፥ ስለ አዲስ አበባ ስም ሌላ ቃል ይናገርና «ቆራጧ እናታችን» ብሎ ያልፋል፤ ጭብጨባውም ይከተላል። በማግሥቱ ያው ሰው ከወዳጆቹ ጋራ ሻይ ቤት ተቀምጦ የዚያን ዘመን ፖለቲካ ሲያወጋ፥ እቴጌይቱን ባላቸውን በምክር የጠመዘዙ፥ ዘመዶቻቸውን የሾሙ፥ በማያገባቸው የገቡ እያለ ይወቅሳቸዋል። እኔ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ሁለቱንም ንግግር ለመቃወም ነው። ምስጋናው ሥራቸውን አሳንሶ ያሳያል፤ ወቀሳውም ያንኑ ሥራ በሌላ ስም ይጠራዋል።

ሥራቸው ምን ነበር? በ1875 ዓ. ም. በትንሣኤ ሰሞን አንኮበር ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋራ በቁርባን ከተጋቡበት ጊዜ ጀምሮ እስከ መጋቢት 1902 ዓ. ም. ድረስ፥ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፥ የአንድ መንግሥት ዋና መካሪ ነበሩ። ለዚህ ሥራ የተጻፈ የሹመት ደብዳቤ አልነበራቸውም። በጥቅምት ወር 1882 ዓ. ም. ዐፄ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ዘውድ ከጫኑ ከሁለት ቀን በኋላ «እቴጌ» ተብለው ዘውድ ተጭኖላቸዋል፤ ይሁን እንጂ የእቴጌነት ማዕርግ ማጀቱንና ግብሩን ለማስተዳደር ነው እንጂ ከውጭ አገር መልክተኛ ጋራ ተቀምጦ የውል አንቀጽ ለመከራከር ነው ብሎ ያሰበ መኳንንት አልነበረም። እርሳቸው ግን ይህን አደረጉ። ከልማድ ውጭ የሆነ የፖለቲካ ሰው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ከልማድ ውጭ ስል የሸዋን ልማድ ማለቴ ነው። ከጉና ተራራ ሥር ለተወለድን ሰዎች ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ደብረ ታቦር የራስ ጉግሣ ከተማ ናት፤ የየጁ መሳፍንት ተቀምጠው ነገሥታትን ሲያወጡና ሲያወርዱ የኖሩባት ስፍራ ናት። በዚያ ዘመን የዳግማዊ ራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ልጃቸው ገና ብላቴና ሳለ ሥልጣኑን ይዘው አገር አስተዳድረዋል፤ በ1839 ዓ. ም. ራሳቸው ጦር አስከትተው ከቋራው ካሳ ኃይሉ ጋራ ተዋግተው ተማርከዋል። ከእርሳቸውም መቶ ዓመት ቀድሞ እቴጌ ምንትዋብ ከቍስቋም ሆነው የልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን መንግሥት መርተዋል። እቴጌ ጣይቱ ከዚሁ ከራስ ጉግሣ ዘር የሚወለዱ ናቸው፤ በአባታቸው በኩልም የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም የወንድም ልጅ ናቸው። ገና ሕፃን ሳሉ በ1847 ዓ. ም. አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ድል ሆኑ፤ ቤቱም ፈረሰ። እንግዲህ ይህች ልጅ ያደገችው ድል በሆነ ቤት ውስጥ ነው። ድል በሆነ ቤት ያደገ ሰው ሥልጣን እንዴት እንደሚገኝ ብቻ ሳይሆን በምን ስሕተት እንደሚጠፋም ከልጅነቱ ይሰማል። አማርኛ መጻፍ፥ ግዕዝ ማንበብ፥ ቅኔ መቀኘት፥ በገና መደርደር፥ ሰንጠረዥ መጫወት ያውቁ ነበር። ከወንዶቹ መኳንንት ብዙዎቹ መጻፍን የጸሐፊ ሥራ ነው ብለው ይተዉት በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ መሣሪያ ነው።

ከምኒልክ በፊት ብዙ ጊዜ አግብተዋል እያሉ እንደ ነውር የሚያነሡባቸው አሉ። ዐፄ ምኒልክስ ከእርሳቸው በፊት ከወይዘሮ ባፈና ጋራ አልኖሩምን? በዚያ ዘመን የመኳንንት ጋብቻ የሁለት ቤት ውል ነበረ፤ ውሉ ሲፈርስ ጋብቻውም ይፈርሳል። ለወንዱ ታሪክ፥ ለሴቲቱ ሐሜት የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ይህን በዚሁ እንለፈው።

ዋናው ጉዳይ የውጫሌ ውል ነው። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም. ተፈረመ። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች አብዛኞቻችን የመንግሥት ሠራተኞች ስለ ሆንን፥ አንድ ግስ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ምን ያህል እንደሚመዝን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። «ይችላል» ተብሎ የተጻፈውን መመሪያ «ይገባዋል» ብሎ የተረጐመ ሠራተኛ የሚያመጣውን ጣጣ ሁላችንም እናውቃለን። በአንቀጽ 17 የተፈጸመው ይኸው ነው። አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም ይቻላቸዋል ሲል፥ የኢጣሊያንኛው ጽሑፍ በኢጣሊያ በኩል ለማድረግ ተስማምተዋል ይላል። ኢጣሊያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ የዘውዳቸውን ዜና ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ፥ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ጉዳያችሁን በኢጣሊያ በኩል አድርጉ የሚል ሆነ። ተንኰሉ የተገለጠው በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የክርክር ጊዜ የእቴጌይቱ ችሎታ በግልጥ የታየበት ነው። ውሉን ያዋዋለው ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ በ1883 ዓ. ም. ተመልሶ መጥቶ ከቤተ መንግሥት ቀረበ። አንቶኔሊ ሸዋን ለብዙ ዓመት የሚያውቅ፥ ከምኒልክ ጋራ ወዳጅነት ያለው፥ ጠመንጃ ያመጣ ሰው ነው። ምኒልክ በሰው ፊት ወዳጅ ማስቀየም የማይወዱ መሆናቸውንም ጠንቅቆ ያውቃል። ተስፋውም በዚሁ ላይ ነበረ። መንግሥቴ ለኃያላን ያስታወቀውን ቃል ቢያጥፍ ክብሩ ይነካል ሲል ተከራከረ። የመለሱለት እቴጌይቱ ናቸው፤ የመልሳቸውም ፍሬ ነገር እኛም ውላችን በአማርኛ ምን እንደሚል ለኃያላን አስታውቀናል፤ የእናንተ መንግሥት ክብር እንዳለው ሁሉ የእኛም አለው የሚል ነበር። ሴት ነኝ፥ ጦርነትንም አልወድም፤ ነገር ግን ይህን ከመቀበል ጦርነትን እመርጣለሁ ማለታቸውም በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። የዛሬ ተናጋሪዎች ከዚህ ሁሉ የሚያነሡት ይህን የመጨረሻውን ቃል ነው፤ ለሰልፍ ይመቻልና። እኔ ግን ከጀግንነቱ ቃል ይልቅ የፊተኛውን አስበልጣለሁ። የተቃራኒውን ሙግት ወስደው መልሰው በራሱ ላይ አቆሙት። አንቶኔሊ ያመጣው ማስረጃ ክብር ነበረ፤ ክብር ደግሞ ለአንድ ወገን ብቻ የተሰጠ ዕቃ አይደለም። ይህ ሰንጠረዥ የሚያውቅ ሰው መልስ ነው።

አንቶኔሊ በየካቲት ወር ሳይሳካለት ወጥቶ ሄደ። በ1885 ዓ. ም. ምኒልክ ውሉ እንደማይጸና ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። በውሉ ተጨማሪ ስምምነት በኩል ከኢጣሊያ ባንክ የተወሰደው አራት ሚሊዮን ሊሬ ብድር፥ መያዣውም የሐረር ጉምሩክ ገቢ፥ በእጅ ላይ እያለ ውል አፍርሻለሁ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም።

በዚያ ዘመን የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ስለ ሁለቱ ሲናገሩ፥ ምኒልክ ለለማኙ ሁሉ «እሺ፥ ነገ» ይላሉ፥ እቴጌይቱ ግን «እምቢ» ይላሉ ይባል ነበር። ሰዎች ይህን ሲያነሡ ንጉሡን ደግ፥ እቴጌይቱን ክፉ አድርገው ነው። እስቲ ነገሩን እንደ መሥሪያ ቤት ሥራ እንመልከተው። ንጉሥ ለሁሉ «እምቢ» ቢል መኳንንቱ ይሸፍቱበታል፤ ለሁሉ «እሺ» ቢል አገሩ ተሸጦ ያልቃል። ስለዚህ አንዱ የ«እሺ»ን ምስጋና፥ ሌላው የ«እምቢ»ን ጥላቻ ተሸክሞ ሥራው ይከናወናል። ጥላቻውን የተሸከሙት እቴጌይቱ ናቸው። ለምኒልክ ደግነት የምንዘምር ሁሉ ከዚያ ደግነት ዕዳው ስንት እንደ ነበረና ማን እንደ ከፈለው መጠየቅ ይገባናል።

በዛሬው ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ «አማካሪ» የሚባል መደብ አለ። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በላይ ያልዘለቅሁ ጸሐፊ ብሆንም፥ በስብሰባ ቃለ ጉባኤ መያዝ የዘወትር ሥራዬ ስለ ሆነ የአማካሪዎችን ቃል ከብዙ ሰው በላይ አድምጫለሁ። «ክቡርነትዎ እንዳሉት» በሚል የማይጀምር ምክር የሰማሁት በጣት የሚቈጠር ጊዜ ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፥ አንዲት የዕቅድ ሠራተኛ በጀቱ ለመንገዱ አይበቃም ብላ በስብሰባ ተናገረች፤ ሰዎቹ በማያገባት ገባች አሉ። በሳምንቱ አንድ ወንድ ባልደረባዋ ያንኑ ነገር ደገመው፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ጠቃሚ ሐሳብ አቀረቡ ብለህ ጻፍ ተባልሁ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት የሞተ የሚመስለው ሰው ካለ ቃለ ጉባኤ ያንብብ። ስለ እቴጌ ጣይቱ የምንከራከረው ያለፈ ነገር ለማንሣት ብቻ ያልሆነውም ስለዚህ ነው።

ወደ መቀሌ ልመለስ። በ1888 ዓ. ም. በታኅሣሥና በጥር የኢትዮጵያ ጦር በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ላይ ተደጋጋሚ ሙከራ አደረገ። ምሽጉ ከኰረብታ ላይ ነው፤ ሻለቃ ጋሊያኖ ውስጡ ሆኖ ይመታል፤ ወደ ግንቡ የቀረበው ሰው ሁሉ ይረግፋል። መኳንንቱ ደፍሮ መግባትን ክብር ያደርጉታልና ሌላ መንገድ ማሰብ እንደ ፍርሃት ይቈጠር ነበር። እቴጌይቱ ግን የምሽጉ ውሃ ከግንቡ ውጭ ከታች እንደሚቀዳ ተረድተው ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፤ የራሳቸውንም ወታደሮች ለዚሁ ሰጡ። በውሃ ጥም የተያዘው ምሽግ ጥር ሳያልቅ ተለቀቀ። ሰዎች ይህን እንደ አንድ ብልኀት ብቻ ይተርኩታል። እኔ የምለው፥ ምክሩ የሚመዘነው ከተናገሩበት ጉባኤ አንጻር ነው። በጀግኖች መካከል ቆሞ መዋጋት ይቅር፥ ውሃውን እንያዝ ማለት ራሱ ድፍረት ይጠይቃል፤ ጀግኖቹ የሚፈልጉትን ዓይነት ድፍረት ባይሆንም። በየካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ በጥቁር ጥላ ሥር ሆነው ያፈገፈገውን ሲመልሱ፥ ሴቶቹን አሰልፈው ለቍስለኛውና ለተዋጊው ውሃ ሲያቀርቡ የታዩት እኚሁ ሰው ናቸው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ በጻፉት ታሪክ ውስጥ ይህ ሁሉ ይገኛል።

ስለ አዲስ አበባ ብዙ አልልም፤ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስሙን ማውጣታቸውን ልጅም ያውቀዋል። በስማቸው የሚጠራው ሆቴልም በጥር ወር 2007 ዓ. ም. በእሳት ጉዳት በደረሰበት ጊዜ የብዙ ሰው ልብ ማዘኑን አስታውሳለሁ። ለሕንፃው ያዘንነውን ያህል ለባለቤቲቱ ስም ብናዝን መልካም ነበር።

አሁን ወቃሾቹ አጥብቀው ወደሚይዙት ነገር እንግባ። ዐፄ ምኒልክ በ1898 ዓ. ም. በሕመም ተመቱ፤ ሕመሙም እየጸና ሄደ። ከ1900 ዓ. ም. ወዲህ ሥልጣኑ በእቴጌይቱ እጅ ገባ፤ ሹመት ሽረቱም ከእርሳቸው ይወጣ ጀመር፤ የሰሜን ዘመዶቻቸውም ተጠቀሙ። የሸዋ መኳንንት ተቈጡ። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ. ም. መኳንንቱ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ያሉበት ሆነው፥ ከጳጳሱ ከአቡነ ማቴዎስ ጋራ ተማክረው፥ እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን አውጥተው በሽተኛውን ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑባቸው። የሾሟቸውም ተሻሩ።

ዘመድ ሾመዋል የሚለው ክስ እውነት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ዘመዱን ያልሾመ ማን ነው? ክሱ የተነሣው የሾሙት ዘመድ ከየት አገር ስለ ሆነ ነው እንጂ ዘመድ ስለ ሆነ አይደለም። ደግሞስ የዘመድ ነገራቸው ሁሉ ሆድን ለመሙላት ነበረን? ጋብቻዎቹን እንመልከት። የወንድማቸው የራስ ወሌ ልጅ ወይዘሮ ከፈይ ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ መንገሻ ተዳሩ። የዚሁ የራስ ወሌ ልጅ ራስ ጉግሣ የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን አገቡ። በ1901 ዓ. ም. የራስ መንገሻ ልጅ ወይዘሮ ሮማነ ወርቅ ለአልጋ ወራሹ ለልጅ ኢያሱ ተዳሩ። ትግራይ፥ የጁ፥ ቤጌምድርና ሸዋ በአንድ መረብ እንዴት እንደ ተያዙ ያስተውሏል። ባቡር ገና አዲስ አበባ ባልደረሰበት፥ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ባልተደነገገበት ዘመን፥ አገርን ከአገር የሚያያይዝ ገመድ ይህ ብቻ ነበረ። ገመዱን ለራሳቸው ቤት ጥቅም ፈትለውታል፤ የታሰረበት ግን አገር ነው።

እኔ ጥፋት ነው የምለው ሌላ ነው፤ ወቃሾቹም አያነሡትም። በጥቅምት ወር 1900 ዓ. ም. ሚኒስትሮች ተሹመው ነበር። በዚያ ጊዜ ሚኒስትርነቱ ከስሙ ያልበለጠ ቢሆንም፥ ሥራው እንዲለመድ የሚያደርግ አንድ ትልቅ ሰው ይፈልግ ነበር። እቴጌይቱ ይህን ሰው መሆን ይችሉ ነበር። ሚኒስትሮቹን አልፈው በራሳቸው ቃል ሥራውን መሥራት መረጡ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በምክር ያሸነፈ ሰው፥ መካሪ ሳይሆን አዛዥ የመሆን ዕድል ባገኘ ጊዜ ምክር የሚሰጠውን ሰው ሳያዘጋጅ ቀረ። ለንጉሡ «እምቢ» የሚሉ እርሳቸው ነበሩ፤ ለእርሳቸው «እምቢ» የሚል ግን በአጠገባቸው አልነበረም። ወቃሽ የሆነ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ክርክራችን ፍሬ ያፈራ ነበር።

ከእርሳቸው መውረድ በኋላ የሆነውንም መመልከት ያሻል። እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ. ም. ሞቱ። ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ. ም. ዐረፉ። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ. ም. ተሻሩ፤ በወሩም በሰገሌ ሜዳ የሸዋና የወሎ ሰው ተላለቀ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲሆኑ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ ተለያዩ፤ ራስ ጉግሣም ደብረ ታቦር ተቀምጠው ቤጌምድርን ይገዙ ነበር። እቴጌይቱ ያሰሩት ቋጠሮ የተፈታው በዚህ ነው። ኋላም በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ. ም. ራስ ጉግሣ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋራ በአንቺም ተዋግተው ሞቱ፤ ከሰማይ አውሮፕላን ወረቀትና ቦምብ ሲጥልበት የቤጌምድር ገበሬ በዐይኑ አየ። እቴጌይቱ በሥልጣን ቢቈዩ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር ብዬ አልምልም። ዘር ቈጠሩ፥ ወገን ለዩ ብለው እርሳቸውን ያወረዱ ሰዎች ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ያመጡት ሰላም ይህ መሆኑን ከወቀሳው መዝገብ ጐን እንዲጻፍ እጠይቃለሁ።

እርሳቸው ምኒልክ ከሞቱ በኋላ በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። በኅዳር 1910 ዓ. ም. የቀረኝን ዕድሜ በአገሬ ልጨርስ፥ ጎንደር ልሂድ ብለው የእንጀራ ልጃቸውን ንግሥት ዘውዲቱን ለመኑ። ልመናው ቤተ መንግሥት ገብቶ መልሱ «እምቢ» ሆኖ ወጣ። ከሦስት ወር በኋላ በየካቲት 4 ቀን 1910 ዓ. ም. እዚያው እንጦጦ ላይ ዐረፉ።